ኢቮን ፍሌቸር፦ ተኳሹ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እያለ የለንደን ፖሊስ ለምን ሰብሮ አልገባም?

ብራና፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የለንደኗ ፖሊስ ኢቮን ፍሌቸር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1984 በሊቢያ ኤምባሲ ደጃፍ ሥራ ላይ እንዳለች በጥይት ተመትታ ሞተች። ጥይቱ የወጣው ከኤምባሲው መስኮት ነው። ፖሊስ ሕንፃውን 11 ቀን ከቦ ቆየ፤ በመጨረሻ ግን ውስጥ የነበሩት በሙሉ አውሮፕላን ተሳፍረው አገራቸው ገቡ። እስከ ዛሬ በግድያዋ በወንጀል የተፈረደበት ሰው የለም።

የመንግሥት ፖሊስ በጠራራ ፀሐይ ተገድላ፣ ገዳዩ የት እንዳለ እየታወቀ፣ እጅና እግር ያሰረው ሕግ የትኛው ነው? አንቀጹን ከነንዑሱ የምታውቁ ንገሩኝ። ደግሞስ ከውስጥ ጥይት የተተኮሰ ቤት ልዩ ሁኔታ የለውም? ስለ እሷም ካላችሁ ጨምሩበት። ስለ ኤምባሲው ብዙ ይጻፋል፤ የእሷ ግን ስምና ዕድሜዋ ብቻ ነው የሚነሣው።

ጉለሌ ማዶ፦

ሕጉን ከማየታችን በፊት ማን የት ቆሞ እንደነበር እንይ፤ ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቦታው ሴንት ጄምስ አደባባይ፣ ቁጥር 5 ነው። ስሙ ያኔ ኤምባሲ አልነበረም፤ ጋዳፊ ከ1979 ጀምሮ ኤምባሲዎቹን «የሕዝብ ቢሮ» ብሏቸዋል። በፌብሩዋሪ 1984 «አብዮታዊ ኮሚቴ» ነን ያሉ ሰዎች ቢሮውን በእጃቸው አደረጉ። ኤፕሪል 16 ትሪፖሊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተሰቀሉ፤ በማግስቱ እንግሊዝ ያሉ ተቃዋሚዎች ለሰልፍ ወጡ። በዚያች ሌሊት፣ ገና እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የቢሮው ሰዎች እንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው ሰልፉን ተቃውመዋል፤ ካልቆመ ለሚከተለው ተጠያቂ አይደለንም ብለዋል።

ጠዋት 75 ያህል ሰልፈኛ መጣ። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው አገር ቤት እንዳይጎዱባቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ፖሊስ 30 ያህል ሰው አሰማራ። የብረት አጥር ተደረደረ፤ ተቃዋሚዎቹ ከመንገዱ ማዶ በቢሮው ትይዩ፣ የጋዳፊ ደጋፊዎች በቢሮው በኩል፣ ፖሊሶቹ መሐል። ፍሌቸር ፊቷን ወደ ተቃዋሚዎቹ፣ ጀርባዋን ወደ ሕንፃው አድርጋ ነበር የቆመችው። መሣሪያ አልያዘችም፤ የእንግሊዝ ፖሊስ በመደበኛ ሥራው አይታጠቅም።

ይህን አቋቋም ቸልተኝነት የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ኤምባሲ ፊት ለፊት ሰልፍ ሲኖር አደጋ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ከሕዝቡ ነው፤ ከለላ የሚሰጠው ደግሞ ሕንፃው። ስለዚህ ዓይን ሁልጊዜ ሰዉ ላይ ነው። ያን ቀን የተኮሰው እሷ የምትጠብቀው ሕንፃ ራሱ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ18 ላይ ከመጀመሪያው ፎቅ መስኮቶች የስተርሊንግ ንዑስ መትረየስ ተኩስ ተከፈተ። 11 ሰልፈኞች ቆሰሉ። ፍሌቸር ጀርባዋን ተመትታ ወደቀች፤ ዌስትሚንስተር ሆስፒታል ደርሳ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታ አረፈች። 25 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ኮንቬንሽን አንቀጽ 22 ንዑስ 1 የሚስዮኑ (የኤምባሲው) ቅጥርና ሕንፃ የማይደፈር ነው ይላል፤ የተቀባዩ አገር ሹማምንት ያለ ሚስዮኑ መሪ ፈቃድ ሊገቡ አይችሉም። ብራና የጠየቅኸው ልዩ ሁኔታ እዚያ ውስጥ የለም። የተረሳ ነገር እንዳይመስልህ፤ ረቂቁ ሲዘጋጅ እሳት ቢነሣስ፣ የሕይወት አደጋ ቢኖርስ የሚለው ተነሥቶ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ልዩ ሁኔታውን የሚተረጉመው መግባት የፈለገው መንግሥት ራሱ ስለሚሆን፣ ማንም በፈለገው ቀን «ጭስ አየሁ» ብሎ የሌላውን አገር መዝገብ ቤት ሊበረብር ነው። በ1963ቱ የቆንስላ ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ ግን እሳት ወይም አፋጣኝ አደጋ ሲኖር ፈቃድ እንደተሰጠ ይቆጠራል የሚል አለ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታል፤ ቁጥር 5 ቆንስላ ሳይሆን ሚስዮን ነው።

ችሎት ታዳሚ፦

ጉለሌ ማዶ ጥሩ ብለሃል። አንድ ነገር ልለይ፤ የሕንፃው ጥበቃና የሰዎቹ ያለመከሰስ መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕንፃውን የሚጠብቀው አንቀጽ 22 ነው። ሰውየውን የሚጠብቁት አንቀጽ 29 (አይያዝም፣ አይታሰርም) እና አንቀጽ 31 (በወንጀል አይከሰስም) ናቸው፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ ይኸው ለቤተሰብና ለአስተዳደርና ቴክኒክ ሠራተኛ ይደርሳል።

ቁጥር 5 ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ በዲፕሎማትነት የተመዘገቡ፣ አንዳንዶቹ ምንም ከለላ የሌላቸው ነበሩ። ከለላ የሌለው ሰው በር ሲወጣ ሊያዝ ይችላል። ችግሩ ማን እንደተኮሰ የሚያሳየው ማስረጃ ከበሩ ወዲያ መሆኑ ነው፤ የመስኮቱ ባሩድ፣ ቀለኸው፣ ጠመንጃው፣ የጣት አሻራው። ሰውን ለመያዝ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃውን ለማግኘት መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ የትሪፖሊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለመከሰስ መብቱን ማንሣት የሚችለውም በአንቀጽ 32 ላኪው መንግሥት ብቻ ነው። ጋዳፊ ይህን አያደርግም።

ትሪፖሊ ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲስ? እሱም ያን ሰሞን በሊቢያ ወታደሮች ተከቦ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እንግሊዛውያንም ሊቢያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ለንደን ላይ በሩን ብትሰብረው ትሪፖሊ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ1980 ኢራናውያን በያዙት በቴህራኑ የአሜሪካ ኤምባሲ ጉዳይ ላይ የተናገረው ገና ትኩስ ነበር፤ ዲፕሎማት ሲያጠፋ መድኃኒቱ እዚያው በዲፕሎማቲክ ሕጉ ውስጥ ነው፣ ሰውየውን ማባረር ወይም ግንኙነት ማቋረጥ። እንግሊዝ ኢራን ላይ ልክ ነው ያለችውን ራሷ ልታፈርሰው አትችልም ነበር።

ስለዚህ ያደረጉት በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ኤፕሪል 22 ግንኙነት መቋረጡን አስታወቁ፤ ለመውጣት እስከ 29 እኩለ ሌሊት ጊዜ ሰጡ። ኤፕሪል 27 ሰዎቹ በቡድን በቡድን ወጡ፤ ተፈተሹ፣ ተጠየቁ፣ ከሂትሮው ወደ ሊቢያ በረሩ። ይህም የአንቀጽ 44 ግዴታ ነው፤ ጦርነት ላይ ብትሆን እንኳ ማስወጣት አለብህ። ኤፕሪል 30፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ፣ ፖሊስ የሳዑዲ ዲፕሎማት በታዛቢነት ባለበት ገባ። አንቀጽ 45 ግንኙነት ሲቋረጥ ሕንፃውን «ማክበርና መጠበቅ» ይላል እንጂ «የማይደፈር» የሚለውን ቃል አይደግምም፤ እንግሊዞች የገቡት በዚያ ልዩነት ነው። ሽጉጦችና ብዙ ጥይት፣ ከአንደኛው መስኮት ሥርም የተኩስ ቅሪት አገኙ። ገዳዩ መሣሪያ ግን የለም። በኦክቶበር 1984 የሞት ምክንያት አጣሪ ችሎቱ ከሕንፃው በተተኮሰ ጥይት በሕገ ወጥ መንገድ ተገድላለች ብሎ ወሰነ፤ የተኳሹን ስም መጥራት ግን አልቻለም።

ብራና፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ንዑስ መትረየስ ኪስ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ እንዴት ገባ? እንዴትስ ወጣ? ሲወጡ ተፈትሸዋል ካልክ እኮ።

ቀይ ማኅተም፦

በዲፕሎማቲክ ከረጢት፣ ማለት ኤምባሲና መንግሥቱ በሚላላኩበት የታሸገ ጭነት፣ ነው የሚባለው፤ ሌላ መንገድም አይታይም። «ከረጢት» ሲባል ስሙ እንዳያታልልህ። ፖስታ ሊሆን ይችላል፣ የእንጨት ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ ኮንቬንሽኑ የመጠንም የክብደትም ገደብ አላበጀለትም። አንቀጽ 27 ንዑስ 3 አይከፈትም፣ አይያዝም ይላል። ንዑስ 4 ደግሞ ሁለት ግዴታ ያስቀምጣል፤ በውጭ የሚታይ ምልክት ይኑረው፣ ውስጡ የዲፕሎማቲክ ሰነድ ወይም ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት የሚውል ዕቃ ብቻ ይሁን። ጠመንጃ የገባበት ከረጢት ሁለተኛውን ግዴታ ጥሷል፤ ግን መጣሱን የምታውቀው ከፍተህ ነው፣ መክፈት ደግሞ ተከልክሏል። ኤፕሪል 27 የሰዎቹ አካልና የግል ጓዝ ሲፈተሽ ማኅተም ያለባቸው ከረጢቶች ሳይከፈቱ ነው የሄዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ሊቢያ ኮንቬንሽኑን በ1977 ስትቀበል በከረጢት ላይ የራሷን ተዓቅቦ (አንቀጹን በዚህ ቅድመ ሁኔታ ነው የምቀበለው የሚል መግለጫ) አስገብታ ነበር፤ ስትጠራጠር ሚስዮኑን አስፈቅዳ እንዲከፈት መጠየቅ፣ እምቢ ካሉ ወደ መጣበት መመለስ። ተዓቅቦ ደግሞ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። እንግሊዝ ይህን ተጠቅማ የሊቢያን ከረጢቶች «ይከፈት ወይም ይመለስ» ማለት ትችል ነበር፤ ከግድያው በፊት ግን አላደረገችውም። በእኔ አስተያየት ሊደረግ ሲችል ያልተደረገው ትልቁ ነገር ይህ ነው። መግባት ሕጉ ከልክሏቸዋል፤ ይህን ግን ሕጉ ራሱ ፈቅዶላቸው ነበር።

ምልክቱ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ለማየት ከሁለት ወር ተኩል በኋላ የሆነውን ተመልከት። ጁላይ 5 ቀን 1984 የናይጄሪያው የቀድሞ ሚኒስትር ኡማሩ ዲኮ ለንደን ላይ ታፍኖ፣ ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ሣጥን ውስጥ ተከቶ ስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ሣጥኖቹ ወደ ሌጎስ የሚሄዱ የመንግሥት ጭነት ናቸው ቢባልም የዲፕሎማቲክ ከረጢት ምልክትና ወረቀት በሥርዓቱ አልተሟላላቸውም። ጉምሩኮቹ በዚያ ቀዳዳ ከፈቷቸው፤ ሰውየው በሕይወት ተገኘ። ማኅተሙ ተሟልቶ ቢሆን ክርክሩ ምን ያህል ይወሳሰብ እንደነበር አስበው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወጣው የ1987ቱ የዲፕሎማቲክና የቆንስላ ሕንፃዎች ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ኤምባሲ አንድ ቤት ተከራይቶ «ይህ ሚስዮኔ ነው» ብሎ ማሳወቅ ይበቃው ነበር። አሁን ሚኒስትሩ መፍቀድ አለበት፤ ቤቱ ለሌላ ተግባር ከዋለም ዓለም አቀፍ ሕግ እስከፈቀደው ድረስ ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል። በ2012 የዊኪሊክስ መሥራች ጁሊያን አሳንጅ ለንደን ያለው ኢኳዶር ኤምባሲ ሲገባ እንግሊዝ ይህን ሕግ ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈች፤ ዓለም ጮኸባት፣ ተወችው።

አራት ኪሎ፦

አዲስ አበባ የምናውቀው ምሳሌ አለ። ደርግ በወደቀበት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህ፣ አዲስ ተድላና ኃይሉ ይመኑ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። አዲሱ መንግሥት ይፈልጋቸው ነበር፤ በሌሉበትም ከሰሳቸው። ኤምባሲው ከቅጥሩ ማዶ፣ ታጣቂው ከበሩ ውጭ፣ በመሐል ያው አንቀጽ 22። ሁለቱ እዚያው ሞቱ፤ ብርሃኑና አዲስ ግን እስከ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድረስ 29 ዓመት ከግማሽ በላይ ኖሩበት። የወጡትም በሕግ አግባብ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ መንግሥትና ፖሊስ ቂም ይዘው ያንን በር አልፈዋል፤ የሰበረው ግን የለም። የሊቢያው ጉዳይ የሚለየው እነዚህ መጠጊያ ፈልገው የገቡ ናቸው፤ እነዚያ ግን ቤቱን መተኮሻ አደረጉት። በአንቀጽ 41 ንዑስ 3 ክልክል ነው፣ ግን መጣሱ ብቻውን በሩን አይከፍትም።

ችሎት ታዳሚ፦

ብራና «የተፈረደበት የለም» ያልከው በወንጀል ልክ ነው። በፍትሐ ብሔር ግን አለ፤ ይህ መለየት አለበት።

በጁላይ 1999 ሊቢያ «አጠቃላይ ኃላፊነት» ተቀብላ ለቤተሰቡ 250,000 ፓውንድ ካሰች፤ ግንኙነቱም ተመለሰ። ሰው ግን አላቀረበችም። በ2015 ሳሌሕ ኢብራሂም ማብሩክ የተባለ ሊቢያዊ እንግሊዝ ውስጥ በግድያው ሤራ ተጠርጥሮ ተያዘ። በሜይ 2017 ተለቀቀ፤ ምክንያቱም ቁልፍ የሆነው ማስረጃ በብሔራዊ ደኅንነት ሰበብ ችሎት ሊቀርብ አልቻለም።

ከዚያ ጆን መሬይ ተነሣ። መሬይ ያን ቀን አጠገቧ የነበረ ባልደረባዋ ነው፤ አምቡላንስ ውስጥ አብሯት ሄዶ ይህን ያደረገውን ሰው አገኛለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ራሱ ከሳሽ ሆኖ ማብሩክን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ፤ የጠየቀው ካሣ አንድ ፓውንድ ነው። ይህን መንገድ የመረጠበት ምክንያት ሕጋዊ ነው። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሚዛኑ ካጋደለ ይበቃል። መክሰስም የዐቃቤ ሕግን ይሁንታ አይጠይቅም።

ኖቬምበር 16 ቀን 2021 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማብሩክ በጋራ ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ። ማብሩክ ሲተኮስ ሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ ጠዋቱን በደጁ ከፖሊስ ጋር በአጥሩ ነገር ተጋጭቶ ተይዞ ነበር። ዳኛው ግን ለመተኮስ በተደረገው የጋራ ዕቅድ ውስጥ ተሳታፊ ነበር አሉ፤ ቃታ መሳብ የግድ አይደለም። ሰውየው ክሱን ይክዳል፤ ችሎትም አልቀረበም። ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ አስቀድሞ በ2019 ታግዷል።

አንድ ስሕተት በየቦታው ሲዞር አያለሁ፤ «ማብሩክ ገዳዩ እንደሆነ ተፈረደበት» ይላሉ። አልተባለም። ጣቱ ቃታ ላይ የነበረው ሰው በስሙ በየትኛውም ፍርድ ቤት አልተለየም።

ጉለሌ ማዶ፦

ብራና ስለ እሷ ጠይቀህ ሁላችንም በአንቀጽ ነው የመለስንልህ። ይቅርታ፤ እነሆ።

የተወለደችው ጁን 15 ቀን 1958 ዊልትሻየር ውስጥ ሴምሊ በምትባል መንደር ነው። ለአባትና እናቷ የአራት ሴቶች ልጆች የበኩር ናት። ፖሊስ እሆናለሁ ያለችው በሦስት ዓመቷ ነው ይባላል፤ ሐሳቧን አልቀየረችም። ሰዓቱ ሲደርስ ያስቸገራት ቁመቷ ነው። ያኔ ለሴት ፖሊስ ዝቅተኛው ቁመት 162 ሴንቲ ሜትር ግድም ነበር፤ እሷ ከዚያ በታች ሆና ተገኘች። የተለያዩ የፖሊስ ኃይሎች በዚህ መለሷት። ያም ሆኖ በማርች 1977 የለንደኑ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ተቀበላት፤ 20 ሳምንት ሠለጠነች። ምደባዋ ኮቨንት ጋርደን አጠገብ ያለው ቦው ስትሪት ጣቢያ ሆነ። ባልደረቦቿ «ሱፐር ፍሌች» ይሏት ነበር። እጮኛዋም የዚያው ጣቢያ ፖሊስ ነው፤ በዚያ ጠዋት አደባባዩ ላይ አብሯት ተመድቦ ስትወድቅ እዚያው ነበር።

ተኩሱ ሲሰማ ፖሊሶች ሰልፈኛውን ወደ ጎን መንገዶች አስወጡት፤ አደባባዩ ባዶ ቀረ። አስፋልቱ ላይ የእሷ ቆብና የአራት ባልደረቦቿ የራስ ቁር እንደወደቁ ቀሩ፤ ቴሌቪዥን ከበባውን ሲያሳይ ዓለም ያየው እነዚያን ነው። ሕንፃው ውስጥ መሣሪያ ስላለ ማንም ወደዚያ እንዳይጠጋ ታዝዟል። አንድ ኮንስታብል ግን ትእዛዙን ጥሶ ሮጦ ገብቶ ቆቧን አነሣ፤ ሬሣ ሣጥኗ ላይ እንዲሆን ነው። ቀብሯ ኤፕሪል 27 በሶልዝበሪ ካቴድራል ተፈጸመ፤ 600 ፖሊሶች ተገኙ። የቁጥር 5 ሰዎች አውሮፕላን የተሳፈሩትም በዚያው ቀን ነው።

ብራና፦

ቀኑ አንድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለንደን ለሚሄድ ሰው ቦታው ላይ ምልክት አለ?

ቀይ ማኅተም፦

አለ። ከፒካዲሊ ሰርከስ የምድር ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ግድም ነው። አደባባዩ መሐል ዛፍ ያለበት ቅጥር አለ፤ ከቁጥር 5 ትይዩ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘኑ ጠጋ ብለህ ፈልገው። ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ያልፈዋል። በሥራ ላይ ለሚወድቁ ፖሊሶች ሐውልት የሚያቆመው የፖሊስ መታሰቢያ ድርጅት የተቋቋመው በእሷ ሞት የተነሣ ነው፤ ይህ ድንጋይም የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ማርጋሬት ታቸር መረቁት። ድርጅቱ በኋላ በ2005 ትልቁን ብሔራዊ የፖሊስ መታሰቢያ አቁሟል፤ ዘ ሞል በሚባለው መንገድ ላይ ነው፣ ከአደባባዩ ብዙም አይርቅም።

ኤፕሪል 17 ከሄድክ የአበባ ጉንጉን ይዘው የሚመጡ ፖሊሶች ታገኛለህ። ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፦ ሴት ፖሊስ ኮንስታብል ኢቮን ፍሌቸር እዚህ ወደቀች፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1984።